ወረኢሉ ላይ የተኛሁባቸው አሥራ አንድ ቀናት

መካነ ሰላም ጤና ጣቢያ ስመደብ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ከዚያ በፊት አዲስ አበባ፣ በአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ውስጥ ሁለት ዓመት በረዳትነት ሠርቻለሁ። መካነ ሰላም ላይ ይህን ሙያ የፈለገው ሰው አልነበረም፤ ቁስል አጥባለሁ፣ መርፌ እወጋለሁ። በንጉሡ የመጨረሻ ዓመታት ረሃብ ገብቶ ተስቦ ሲጨመርበት ግን ኃላፊያችን አስታወሱት።

ኃላፊያችን ቁስል በማከም የጀመሩ፣ ሸምገል ያሉ ድሬሰር ነበሩ፤ ሶላታቸውን የማያጓድሉ፣ ነገር የማያበዙ ሙስሊም። ጋሼ እላቸው ነበር። አንድ ቀን ጠርተው፣ "እህሉ መጥቶላቸው አንበላም የሚሉ አሉ፤ እነሱን አንተ ያዝልኝ" አሉኝ።

ከገበያው በታች ባለው የቆርቆሮ መጠለያ ውስጥ ነበሩ። ልጆቿን መንገድ ላይ ቀብራ የመጣች አለች። ሚስቱን ሞታለች ብሎ ጥሏት ከሄደ በኋላ ያን ጊዜ ነፍሷ እንዳልወጣ የሰማ አለ። አጠገባቸው ተቀምጬ እስኪናገሩ እጠብቃለሁ። ሲናገሩ እሰማለሁ፤ ከዚያ አጥሚቱን አፋቸው ድረስ አደርሳለሁ። አንዳንዶቹ ተነሱ። ብዙዎቹን ትኩሳቱ ወሰዳቸው። በቦታቸው ሌላ ሰው ይተኛል፤ እንደገና እጀምራለሁ።

መቼ እንደጀመረኝ አላውቅም። አንድ ከሰዓት በኋላ አንዲት ሴት ስታወራኝ ቆይታ ድንገት ዝም አለች።

"ወንድሜ፣ አሁን ምን አልሁህ?"

አንድም ቃል አላስታወስሁም። "አብሽሪ" አልኋት። ለሁሉም የምለው ይህንኑ ነበር። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ማፈር ነበረብኝ፤ አላፈርሁም። ያን ሰሞን የምበላው ሁሉ አፈር አፈር ይለኝ ነበር። ሰው ሞተ ሲሉኝ ትዝ የሚለኝ የሚለቀቀው ሰሌን ብቻ ነው።

ጋሼን ወደ መርፌ ክፍል እንዲመልሱኝ ለመንኋቸው። "ማን ይተካህ?" አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ሰው አልነበረም።

ትንሽ ቆይቶ የቅማል ማጥፊያ ዱቄት ወረኢሉ ደርሷል ተባለ። ተስቦን ከሰው ሰው የሚያዛምተው ቅማል ስለሆነ ዱቄቱን እንደ ነፍሳችን ነበር የምንጠብቀው። ሁለት በቅሎ ይዤ እንዳመጣ ተላክሁ። ተረከብሁና እዚያው ያገባች እህት ስለነበረችኝ እሷ ቤት አደርሁ። ጠዋት መነሳት አቃተኝ።

"ያተኩስሃል?" አለች ግንባሬን ዳብሳ።

"አያተኩሰኝም።"

"ታዲያ ምንህን ነው?"

"ምንም።"

አሥራ አንድ ቀን ተኛሁ። ዱቄቱ ጓዳ ውስጥ ተደርድሯል። መካነ ሰላም ላይ ምን እየሆነ እንደነበር አውቃለሁ፤ ማወቄ ከአልጋ አላስነሳኝም። በአሥራ ሁለተኛው ቀን የእህቴ ባል በቅሎዎቹን ጭኖ፣ እኔንም እንደ ዕቃ ይዞ መለሰኝ።

ጋሼ በሩ ላይ ቆመው አዩኝ። "ዱቄቱን አስገባው። ከነገ ጀምሮ መርፌ ትቀቅላለህ" አሉ። ሌላ አልጨመሩም። እኔም በሌለሁባቸው ቀናት ስንት ሰው እንደተቀበረ አልጠየቅሁም።

ከዚያ አብዮቱ መጣ። ንጉሡ ወረዱ፤ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ረሃቡን ማን ደበቀ፣ ማን አባባሰ የሚል ጥያቄ ተነሳ። ትምህርት ቤቱ ውስጥ በተጠራው ስብሰባ ላይ ሊቀ መንበሩ፣ "የቅማሉ ዱቄት ለምን ዘገየ?" ብሎ ጠየቀ። ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጫለሁ።

ጋሼ ተነሱ። "በቅሎዎቹ ደክመው ነበር። እዚያው ቆይ ብዬ የላክሁበት እኔ ነኝ" አሉ። በሌላ ጊዜ ቃላቸውን ሁሉ በወላሂ ነበር የሚያስሩት፤ ያን ቀን ወላሂ አላሉም።

ከኃላፊነት አንስተው ወደ ከላላ አዛወሯቸው። እኔ ዝም አልሁ።

ከዓመት በኋላ ከላላ ሄድሁ። የገበያ ቀን ነበር። በቅሎ የረገጠችውን ገበሬ እግር በፋሻ ሲጠቀልሉ አገኘኋቸውና እስኪጨርሱ ጠበቅሁ።

"ጋሼ፣ ለምን ዋሹልኝ?"

"አንተ አሥራ አንድ ቀን ተኛህ" አሉ እጃቸውን እየታጠቡ። "እኔ ያን ዓመት ሙሉ ቆሜ ነው የተኛሁት። ሬሳ ሲወጣ የማየው በሩ መዘጋቱን ነበር። አንተን ቢጠይቁህ እውነቱን ትናገራለህ፤ ከዚያ ኃላፊው ዓመቱን ሙሉ ምን ይሠራ ነበር ብለው ወደኔ ይዞራሉ።"

"ፈርተው ነው ታዲያ?"

"ፈርቼም ነው። አዝኜልህም ነው። የትኛው እንደሚበልጥ አላውቅም።"

ምሳ አብረን በላን። ስለ ዝናቡ አወራን፤ ያን ክረምት ደህና ዘንቦ ነበር። ስመለስ ዳገቱ አጋማሽ ላይ ገብስ የሚያጭዱ ገበሬዎች "እንደምን ዋልህ?" አሉኝ። መልስ ልሰጥ አፌን ስከፍት እንባዬ ቀደመኝ። ማጭዳቸውን አስቀምጠው መጡ።

"ማን ሞቶብህ ነው?" አለኝ አንደኛው።

"ብዙ ሰው" አልሁት።

ውሃ ሰጡኝ፤ እስኪበቃኝ አብረውኝ ተቀመጡ። ጤና ጣቢያው ውስጥ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት አገልግያለሁ። ከሕሙማን አጠገብ ተቀምጦ የመስማቱን ሥራ ግን ተመልሼ አልያዝሁትም።