አድማሴ ለጀልባዋ የገጠመው መያዣ

በወረታ ዙሪያ የአድማሴ እጅ ያልነካው በርና አልጋ የለም። ጀልባ ግን እንኳን እሱ አባቱም ሠርተው አያውቁ! ዘንድሮ የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳውን ውኃ ሲያለብሰው፣ ከዋንዛ ጣውላ አንዲት ጠባብ ጀልባ ሠርቶ ቁጭ አደረገ። ደረሰ የሚባለው ጎረቤቱ፣ «የከብት ገንዳ ናት እንዴ?» እያለ ሲያሾፍበት ሰነበተ።

ያሹፍ! ሚስቱ ገላነሽ በተጋቡ በአሥራ አንድ ዓመታቸው ሴት ልጅ ወልዳለታለች፤ እሑድ ሰማንያ ቀኗ ነው። ክርስትና የምትነሣበት ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ከውኃው ማዶ ነው። ውኃው ለወንድ እስከ ወገብ ቢሆንም አራስ ሕፃን ይዛ አትገባበትም። ቀኑ ካለፈ አድማሴ የገላነሽን ፊት በምን ዓይኑ ያያል?

ችግሩ፣ በሩዝ ማሳዎቹ መካከል ከፍ ያለ የጠጠር መንገድ አለ፤ እዚያ ላይ ጀልባዋን ተሸክሞ ማሻገር ግድ ነው። ስለዚህ ቅዳሜ በግራና በቀኝ ሁለት ረጃጅም አጠና መታባትና ጫፎቹን ከፊትም ከኋላም አስወጣ፤ አራት ሰው በትከሻው እንዲሸከማት ነው። «እሰይ!» አለ እጁን እያራገፈ።

እሑድ ማለዳ የሚሸከሙት ወንዶች መጡ፤ ጀልባዋን አይተው እርስ በርስ ተያዩ። የሚጠጋ ጠፋ።

«ምን ሆናችኋል? አንሧት እንጂ!» አለ አድማሴ።

የክርስትና እናት የሚሆኑት እትዬ ይርገዱ ግን ዝም አላሉም። «አንተ፣ ጤናም የለህ? ልጂቱን በቃሬዛ ልታስወጣት ነው?»

አድማሴ ክው አለ። ለሃያ ዓመት የሰፈሩን የሬሳ ቃሬዛ የሚሠራው እሱ ነው፤ እጁ የለመደውን ሠርቶለታላ!

ገላነሽ ልጇን ደረቷ ላይ ለጥፋ፣ «እኔ ልጄን እዚህ ላይ አላስቀምጥም» አለች።

ቅዳሴው ሊገባ ነው። አድማሴ «ወይ የኔ ነገር!» እያለ አጠናውን በመጋዝ ይገዘግዘው ጀመር። ከቁራጩ አራት አጫጭር መያዣዎች ጠርቦ ከጠርዙ ዝቅ አድርጎ ገጠመ፤ በትከሻ ሳይሆን በእጅ ተንጠልጥላ የምትሄድ ሆነች። ጎረቤቱ ደረሰም ማሾፉን ትቶ ምስማር አቀበለው። ገላነሽ አንዱን መያዣ ጎተት ጎተት አድርጋ አየችው።

«አሁን ጀልባ መሰለች» ብላ ልጇን እንደታቀፈች ተሳፈረች።

ጠጠሩ መንገድ ላይ ሴቶቹ ወርደው ወንዶቹ ጀልባዋን አሻገሩ፤ ቤተ ክርስቲያንም በሰዓቱ ደረሱ። ልጂቱ ስትጠመቅ ጩኸቷ ቅጥሩን ሞላው፤ አባቷም ደስ አለው።

ሲመለሱ ጠጠሩ መንገድ ላይ እትዬ ይርገዱ ወረዱ። ገላነሽም ብድግ ስትል ወንዶቹ፣ «ተቀመጪ! ወዴት ነው?» ብለው እሷንም ልጇንም ከነጀልባዋ አነሡ። እትዬ ይርገዱ እልልታቸውን አቀለጡት። አድማሴ የኋላውን መያዣ በሁለት እጁ ጨብጧል፤ እንባው በጉንጩ ይወርዳል፣ የሚጠርግበት እጅ የለውም። ገላነሽ ዘወር ብላ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችለት።