ብስኩት ያስነሳው አብዮት

የፒንግ ፖንግ ኳስ በድንጋይ ጠረጴዛ ላይ ስትነጥር የምታሰማው ድምፅ ለብቻው ነው፤ የእንጨቱን አይመስልም። ባለፈው እሑድ ከልጄ ጋር በፍራንክፈርቱ የኖርድቬስትሽታት ሰፈር ፎቆች መካከል ሳልፍ ያ ድምፅ ከአንድ ግቢ መጣና ቀጥ አልኩ። ልጄ በጀርመንኛዋ «ማማ፣ ኮም!» እያለች ብትጎትተኝም አልተንቀሳቀስኩም። ጋሽ ተስፉ ትዝ ብለውኝ ብቻዬን እስቅ ነበር።

ጋሽ ተስፉ በልጅነታችን የቅዳሜ የአማርኛ መምህራችን ነበሩ። ኤርትራዊ ናቸው፤ አዲስ አበባ ተምረው እዚያው ታሪክ አስተምረዋል፤ ፍራንክፈርት ከመጡ በኋላ ደግሞ ጡረታ እስኪወጡ ትራም ነድተዋል። ሁለቱንም ሙያ አልተዉም። ከአንድ ትምህርት ወደ ሌላው ሲሸጋገሩ «ቀጣይ ፌርማታ፣ እንግሊዝ አገር! በሩ ሊዘጋ ነው!» ይሉ ነበር። ክረምት ከበጋ ያችኑ ቡናማ የኮርዱሮይ ጃኬት ይለብሳሉ፤ ኪሳቸው ውስጥ የከረሜላ ቆርቆሮ ይንኳኳል። ክፍላችን በሕዝብ አዳራሹ ምድር ቤት ነበር፤ እርጥብ ስፖንጅና በፕሮጀክተሩ አምፖል ላይ የጋለ አቧራ ይሸታል። የመጣነው ፊደል ልንማር ነው፤ እሳቸው ግን ነገሥታቱ ጋ ለመድረስ የማይፈጥሩት ሰበብ አልነበረም። «ፈ» ከተባለ ፈረንሳይ መምጣቷ አይቀርም።

ከአገር ቤት አንድ ልማድ ይዘው መጥተዋል፦ የክፍል አለቃን የሚሾመው መምህሩ ነው፤ የተሾመም አይወርድም። እኛ በጀርመን ትምህርት ቤታችን ተወካያችንን በየዓመቱ እጅ አውጥተን የምንመርጥ ልጆች ስለነበርን ነገሩ ይከነክነን ነበር። አለቃችን ዳዊት ይባላል፣ የአቶ ግርማ ልጅ። የተሾመው ከሁላችንም ረጅም ስለሆነ ብቻ ነው።

ከጎናችን ባለው ክፍል የግሪክ ልጆች ቋንቋቸውን ይማራሉ። በመካከላችን ባለው ግቢ ደግሞ ያቺ የድንጋይ ጠረጴዛ አለች። ዳዊት በእረፍት ሰዓት ጠረጴዛዋን የራሱ ሊያደርጋት ቆርጦ ተነሳ። ትልልቆቹን ልጆች በብስኩት ቀጥሮ ጠባቂ አደረጋቸው፤ ብስኩቱን የሚሰበስበው ከእኛ ከትንንሾቹ ነበር። የግሪኮቹ አለቃም እንዲሁ አደረገ። አንድ ቀን ግሪኮቹ ቀድመው ሲይዙበት ዳዊት እልህ ውስጥ ገባ፤ ግሪኮቹን እንዲያስቸግሩለት ከግቢው በላይ ባለው ፎቅ ለሚኖሩ ልጆች ጭምር ብስኩት ይረጭ ጀመር። ብስኩቱ ተሟጠጠ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ትምህርት ሳይጀመር «ከዛሬ ጀምሮ እጥፍ!» ብሎ አወጀ።

እኔ ብስኩቴን እንደጨበጥኩ ተነሳሁ። «ዳስ ኢስት ኡንፌር!»፣ ይሄ ፍትሕ አይደለም፣ ብዬ በጀርመንኛ ጮህኩ።

ጋሽ ተስፉ በሩ ላይ ቆመው ሁሉንም ሰምተዋል። ይቆጣሉ ብለን ስንጠብቅ ፊታቸው በራ። «ቀጣይ ፌርማታ፣ አሜሪካ!» አሉና ጠመኔ አነሱ። እንግሊዝና ፈረንሳይ በሰው አገር መሬት እንዴት እንደተሻሙ፣ እንግሊዝ አሸንፋ ካዝናዋ እንዴት እንደተራቆተ ነገሩን። «ወጪውን አሜሪካ ያሉት ሰፋሪዎቿ እንዲጋሩ ፈለገች። እንግሊዝ አገር ግን ንጉሡ ያለ ፓርላማ ፈቃድ ግብር እንዳይጥል ከታገደ ቆይቷል። ሰፋሪዎቹም ‹ታዲያ በፓርላማው ውስጥ እኛ ማን አለን?› ብለው ተነሱ። የፈረንሳዩ ንጉሥስ? ሃይ ባይ አልነበረውም። እንግሊዝን ለማናደድ ሲል ለአመፀኞቹ ገንዘብ ረጨላቸው። ሲያልቅበት ‹እስቲ አዋጡ› ብሎ የሕዝቡን ወኪሎች ሰበሰበ። እነሱም ከተሰበሰቡ በኋላ አንበተንም አሉ፤ የፈረንሳይ አብዮት በዚያ ተጀመረ።»

ዳዊት ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ነበር። ጋሽ ተስፉ «ለመሆኑ ያቺ ጠረጴዛ የማን ናት?» ሲሉ ሁላችንም ተያየን። የፎቁ ልጆች ንብረት ናት። እነሱን የጠየቀ አልነበረም።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ሜሮን፣ አቤቱታሽን እቀበላለሁ። በጀርመንኛ ግን አልሰማም። ለቅዳሜ በአማርኛ ይዛችሁ ኑ።»

ያን ሳምንት ቤታችን ሰላም አላገኘም። እናቴ ልብስ ስትተኩስ ሄጄ «እማዬ፣ ሚትሽፕራኸ በአማርኛ ምንድን ነው? ሲወሰን እኛንም ሲጠይቁን ማለት ነው» አልኳት። ካውያውን አቆመች። «የመናገር... አይ፣ ድምፅ... ቆይ እስቲ፣ አባትሽን ልጠይቀው።» የሌሎቹም ቤት እንዲሁ ነበር። ቅዳሜ ሰሌዳው ላይ በተጣመመ ፊደላችን ጻፍን፦ ሳንጠየቅ ብስኩት አንሰጥም፤ ጠረጴዛዋን ከፎቁ ልጆችና ከግሪኮቹ ጋር በተራ እንጫወታለን፤ ዳዊት አለቃ ይሁን፣ ግን ያማክረን። ከኋላ አንዱ ደፋር ተነስቶ «ጋሼም ሳይጠይቁን እረፍታችንን አይቁረጡ» የሚል ጨመረበት። ጋሽ ተስፉ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ሲደሰቱ ትግርኛው ስለሚያመልጣቸው «አጆኹም!»፣ አይዟችሁ፣ እያሉ ትከሻችንን መታ መታ አደረጉን።

ዳዊት ግን እቤቱ ሄዶ «አብዮት አካሄድን» ብሎ አወራ። በሳምንቱ ወላጆች ተጠሩ፤ እኛም ከግድግዳው ሥር ተደርድረን ተቀመጥን። አቶ ግርማ ተነሱ። «ፊደል እንዲያስተምሩልን እንጂ አመፅ እንዲያስተምሩልን ልጆቻችንን አልላክንም። አብዮት የሚባለውን እኛ እናውቀዋለን። ሌላ መምህር ይፈለግ።» በአገር ቤቱ አብዮት ወንድማቸውን እንዳጡ ሁሉም ያውቃል። ጋሽ ተስፉ ደግሞ ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ናቸው፤ ከእኛ ሌላ ሰው አልነበራቸውም። ሊወስዱብን ነው ብዬ ፈራሁ።

«አቶ ግርማ፣ እኔም ያየሁትን አይቻለሁ» አሉ ጋሽ ተስፉ በቀስታ። «ንጉሥ በጊዜ ‹ተው› ከተባለና ከሰማ፣ ደም እንደማይፈስ ነው የማስተምራቸው።»

አቶ ግርማ በእምቢታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ያኔ ዳዊት ተነሳ። አባቱ በአማርኛ ሲያናግሩት ዘወትር በጀርመንኛ የሚመልስ ልጅ ነው። «አባዬ፣ አልስማማም» አለ። «አለቃው እኔ ነበርኩ። ‹ተው› አሉኝ፣ ተውኩ። አላባረሩኝም። እናንተም ጋሼን አታባርሩብን።»

አቶ ግርማ ልጃቸውን አፍጥጠው አዩት። «አንተ! ይሄን ሁሉ አማርኛ ከየት አመጣኸው?» ሲሉ እናቴ ሳቋ አመለጣት፤ ሌሎቹም ተከተሏት፤ በመጨረሻ ራሳቸውም ሳቁ። የመምህር ለውጡ ነገር በዚያው ቀረ።

ጋሽ ተስፉን አምና ቀበርናቸው። ከቀብር መልስ የድሮዎቹ ተማሪዎች ባንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠን የቅዳሜውን ክፍል ማን ይረከብ በሚል ክርክር ገጠምን። ዳዊት ‹ይሾም› ሲል እኔ ‹ይመረጥ› አልኩ፤ ጩኸቱ ደመቀ። እናቴ ከወዲያ ማዶ ጆሮዋን ጥላ ቆይታ፣ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ለጎረቤቷ ስታሾካሹክ ሰማኋት። «እነዚህ ልጆች እኮ ሲጫወቱ በጀርመንኛ ነው። አየሻቸው? ሲከራከሩ ግን በአማርኛ ነው።»