ጨርቅ የማይነካው ጎን

ትናንት ቢሮ ውስጥ አጠገቤ የምትቀመጠው ባልደረባዬ ራሷን አሟት ከቦርሳዋ ክኒን አወጣች። በአውራ ጣቷ ስትገፋው ማሸጊያው ተቀደደ። ቀጭን፣ ደረቅ ድምፅ ነው፤ ቀጭ ይላል። እሷ የምትውጥበት ውሃ ስትፈልግ እኔ ሽሮ ሜዳ፣ አባቴ ቤት ደርሼ ነበር። የጥጥ ሽታ፣ የእርጥብ መሬት ሽታ፣ አፍንጫዬ ሥር መጣ። «ምን ሆንሽ?» አለችኝ። «ምንም» አልኳት። ላንቺ ግን ልንገርሽ።

አባቴ ሸማኔ ነበር። በወጣትነቱ ከጋሞ ደጋ መጥቶ ጉለሌ ተወልዳ ያደገችውን እናቴን አገባ። እሱ ይሸምናል፣ እናቴ ገበያ አውጥታ ትሸጣለች። ሁለት ክፍል ነበረችን፤ አንደኛዋን የሽመና ዕቃው ሞልቷታል። እግሮቹን ከዕቃው ሥር በተቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ ሲቀመጥ በበሩ የሚገባው ብርሃን ትከሻው ላይ ያርፍና የጥጥ ብናኝ በብርሃኑ ውስጥ ይንሳፈፋል። መወርወሪያው ከአንድ እጅ ወደ ሌላው ሲያልፍ፣ ከዚያ ማጉ ሲመታ፣ የማያቋርጥ ድምፅ ነበረው። በዚያ ድምፅ ተኝቼ፣ በዚያ ድምፅ አጥንቼ ነው ያደግሁት።

ኮሌጅ በገባሁበት ዓመት፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ግራ ጎኑ ላይ ውሃ የቋጠሩ ሽፍታዎች ወጡበት። ከጡቱ ሥር ተነሥተው እንደ መቀነት እስከ ጀርባው ዞሩ። እናቴ ሸሚዙን ገልጣ አየችና «አልማዝ ባለጭራ ነው» አለች። ቁስሉ በጊዜው ደረቀ፣ ቅርፊቱም ረገፈ። ሕመሙ ግን አልሄደም። እሳት ነው ይል ነበር። አንዳንዴ ደግሞ የፈላ ውሃ ነው ይላል። ከሁሉ የሚብሰው ጨርቅ ሲነካው ነበር። ዕድሜውን ሁሉ ሰው የሚለብሰውን ሲሸምን የኖረ ሰው፣ ነጠላ እንኳ ጎኑን ሲነካው ጥርሱን ነክሶ ዓይኑን ይጨፍናል። ከእንጦጦ በሚወርደው ብርድ ግራ እጅጌውን አውልቆ፣ ግማሽ አካሉን ራቁት አድርጎ ይሸምን ነበር። ሰው ሲመጣ ያፍራል፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል።

እኔም ከኮሌጅ ስመለስ አቅፌ መሳሜን ተውኩ። ከቀኝ በኩል መጥቼ ግንባሩን ስሜ እሄዳለሁ። እናቴማ ፍራሽዋን ከሱ ለይታ አነጠፈች።

መጀመሪያ የወሰደው ጎረቤት «ለኔ ወገብ ፍቱን ነው» ያለውን ዲክሎፌናክ የሚባል የሕመም ማስታገሻ ነው። አዲሱ ገበያ ካለ መድኃኒት ቤት ያለ ማዘዣ እየገዛን አመጣንለት። የጎኑን ሕመም አልቀነሰለትም፤ እሱ ግን ነገ ይሠራል፣ ከነገ ወዲያ ይሠራል እያለ ዋጠው፤ ሲብስበት ደራርቦ ዋጠው። ከወራት በኋላ ሰገራው እንደ ሬንጅ ጠቆረ፤ አንድ ጠዋት ከጉድጓዱ ሊወጣ ሲል እዚያው ዘፍ አለ። ሆስፒታል ስናደርሰው ጨጓራው ደምቶ ነበር።

ያየችው ሐኪም ወጣት ሴት ናት። ድምፅዋ የጉንፋን ይመስል ይጎረንን ነበር። የክኒኑን ባዶ ማሸጊያ እጇ ላይ አገላብጣ፣ «አባቴ፣ ይኼን ማን አዘዘልዎት?» አለችው።

«ጎረቤት።»

አልተቆጣችውም። ወንበሯን አስጠግታ፣ ሕመሙ የነርቭ እንደሆነ፣ ቁስሉ ሲያልፍ ነርቩ ተጎድቶ እንደቀረ፣ ያ ክኒን እዚያ እንደማይደርስ ነገረችው። ከዚያ ያሉትን መድኃኒቶች አንድ በአንድ አስረዳችው። አንደኛው በትንሹ ተጀምሮ ቀስ እየተባለ የሚጨመር ነው፤ ሕመሙን ያደክመዋል፣ ነገር ግን እንቅልፍ ያመጣል፣ አፍ ያደርቃል፣ ያዞራል። በሌላው ሊሻለው ይችላል፤ ሆኖም አንድ ወር ይገኛል፣ አንድ ወር ከገበያ ይጠፋል፣ በድንገት ማቋረጡም ጥሩ አይደለም። ጠንከር ያለም አለ፤ እሱ ደግሞ ከለመዱት መላቀቁ ያስቸግራል። «ሙሉ በሙሉ የሚያጠፋልዎት የለኝም» አለች። «ስለዚህ እርስዎ ይንገሩኝ። ምን ማድረግ እንዲችሉ ነው የምንፈልገው?»

እንዲህ ብሎ የጠየቀው ሰው አልነበረም። እናቴን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ እጆቹን አየ።

«መሥራት» አለ።

እናቴም በዚያው ቅጽበት «ልብስ መልበስ» አለች።

ሁለቱም ደንግጠው ተያዩ። ሐኪሟ ፈገግ አለች፤ ያኔ ሁለቱ ነገር አንድ መስሎን ነበር።

የመጀመሪያውን መድኃኒት ጀመረ። መጠኑ ሲጨመር ጎኑ እየበረደ መጣ። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሸሚዙን በሁለቱም እጁ ለብሶ፣ ጋቢ ደርቦ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። «ነይ እስቲ» አለኝና ራሴን ጎኑ ላይ አስጠጋው። ትንፋሼን ይዤ ጠበቅሁ። አልጮኸም። እናቴ በሩ ላይ ቆማ እያየችን በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

የሽመናው ድምፅ ግን ተበላሸ። መወርወሪያው ይሄድና ይቆማል። እንደገና ይሄድና መሬት ላይ ይወድቃል። አባቴ ለሙሽራ የታዘዘ ጥበብ ይዞ ነበር፤ ከጨረሰው በኋላ እናቴ ወደ ብርሃን አውጥታ ስታየው ጥለቱ መሀል ላይ ተዛብቷል። አንዱ አበባ ሰፍቶ አንዱ ጠቧል። እሷ መልሳ አጠፈችው፣ እሱ ግን ከእጇ ተቀብሎ ዘረጋው። ለረጅም ጊዜ አየው።

«እጄ የሌላ ሰው ሆኗል» አለ። ምላሱ በድርቀቱ ተሳስሮ ቃሉ ኮልተፍ ብሎ ነበር የወጣው።

ሐኪሟ ጋ ተመለስን። መቀነስ ይቻላል፣ ነገር ግን ሕመሙም አብሮ ይመለሳል አለች። ሁለተኛውን እንሞክር ብላ ጻፈችለት፤ ከአዲሱ ገበያ እስከ ፒያሳ ዞሬ አጣሁት። በቃ፣ ያለችን ያችው ነበረች፤ መምረጥ ያለብን መጠኗን ብቻ ነው።

ቤት ስንገባ የተባባሉትን እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ።

«እቀንሰዋለሁ» አለ አባቴ። «ካልሸመንኩ ምንድን ነኝ? ጋቢ ለብሶ ጥግ የሚቀመጥ ዕቃ።»

«ዕቃም ብትሆን የኔ ዕቃ ነህ» አለች እናቴ። ድምፅዋ ተሰብሮ ነበር። «እኔስ? ለኔ ምንም አትመርጥልኝም?»

እሱ ግራ እጅጌውን ቀስ ብሎ አወለቀና ወደ ጉድጓዱ ወረደ።

ቀነሰው። እሳቱ ተመለሰ፣ እጁም ተመለሰ። በዚያ ዘመን የሸመናቸው ጥበቦች ከሁሉ ይበልጡ ነበር፤ ግማሽ አካሉ ራቁት ሆኖ፣ ከንፈሩ በንክሻ ቆስሎ የሸመናቸው። ገዢዎች ጨርቁን እያሻሹ ሲያደንቁ እናቴ ፊቷን ታዞር ነበር። እኔ ድምፁ ስለተመለሰ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ደስ ማለቱ ደግሞ ያስጨንቀኝ ነበር። አሁንም የትኛውን እንደምመኝ አላውቅም።

ከዚያ የእናቴ ታናሽ ወንድም በድንገት ሞተ። ቁስቋም ተቀበረ። ለቀስተኛው ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሲወጣ ሁሉም እየተቃቀፈ ያለቅሳል፤ አባቴ ለቀብሩ ብሎ ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ፊቱ አመድ መስሎ ዳር ላይ ቆሟል። እናቴ ሐዘኑ አቅሏን አስቷታል። እየሮጠች መጥታ ደረቱ ላይ ወደቀች።

አባቴ ጮኸ። በሁለት እጁ ገፈተራት።

ሰዉ ሁሉ ዞሮ አየ። እናቴ ጠጠሩ ላይ በእጇ ተደግፋ ቀረች። አንዲት ሴት «እንዴ! በሐዘኗ ቀን!» ስትል ሰማሁ። ምን ብዬ ላስረዳት? እናቴን አነሣኋት፤ መዳፏ ተልጦ ደምቷል። እሷ ግን ከሱ ላይ ዓይኗን ሳትነቅል፣ «አሳመምኩህ? አሳመምኩህ?» ትለው ነበር።

በሳምንቱ አባቴ ከሐኪሟ ፊት ሲቀመጥ ማንም እንዲናገርለት አልጠበቀም። «ልጄ፣ ጨምሪልኝ» አላት።

«ሥራዎስ?»

«ሠርቻለሁ» አለ።

ድሩ ላይ የነበረውን ጨረሰና ሌላ አልጀመረም። ዕቃውን የሠፈራችን ልጅ እግር ሸማኔ ፈታትቶ ወሰደው፤ ጉድጓዱን እኔና እናቴ አፈር ሞላንበት። ቤቱ ጸጥ አለ። ለፈተና ሳጠና ጸጥታው ይረብሸኝ ነበርና ወደ ኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት መሄድ ጀመርኩ።

ከዚያ በኋላ ብዙ አልኖረም። በመድኃኒቱ ይሁን በዕድሜው፣ የሚያውቀው ነገር ይጠፋበት ጀመር። ሐኪሟ እንቀንስለት ብትል እሱ ራሱ እምቢ አለ። ቀኑን አብዛኛውን ፀሐይ ላይ ያንቀላፋል፤ እናቴ ከገበያ ስትመለስ ከግራው ትቀመጥና ትከሻው ላይ ትደገፋለች። እንዲያ ተደጋግፈው ሳያቸው፣ ሰላም ነው ብዬ ለራሴ እነግረው ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት እንደዚያው ተቀምጠው አጠገባቸው ምስር እየለቀምኩ ነበር። እናቴ ዳሩ አረንጓዴ የሆነ ነጠላ ለብሳለች። አባቴ ከእንቅልፉ ነቃ ብሎ የነጠላውን ጥለት በጣቱ ዳሰሰው፤ ከዳር እስከ ዳር፣ ቀስ እያለ።

«ጥሩ እጅ ነው» አለ። «ማነው የሠራው?»

እናቴ ወደኔ አየች። ከዚያ እጁን ያዘችና፣ «አንድ የማውቀው ሰው» አለችው።

«ጎበዝ ነው» አለ አባቴ፤ ራሱን ራሷ ላይ አስደግፎ ተኛ።