አንገተ ረጅሙ መለኪያ

ሚስቴ የተማሪዎች ሰርቪስ ትነዳለች፤ እኔ የዚያው ድርጅት የበር ጥበቃ ነኝ። ስለዚህ እሷ ከአለቃ ጋር በተጣላች ቁጥር እንቅልፍ የሚያጣው ሌላ ማንም ሳይሆን እኔ ነኝ።

የጠቡ መነሻ ጎማ ነው። የሰርቪሷ የኋላ ጎማዎች ጥንድ ጥንድ ናቸው። ውስጠኛው ቢተነፍስ ውጪኛው ተሸክሞት ይቆማል፤ ከውጭ የሚያይ ሰው ምንም አያውቅም። አለቃችን ታዲያ ውጪኛውን በጫማው ይመታና "ድንጋይ ነው፣ ንጂ!" ይላል። የተከራከረው ካለ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የድርጅቱን የጎማ አየር መለኪያ ያወርዳል። ያ ጉደኛ ደግሞ እዚያው ተሰቅሎ እንኳ መርፌው "ሙሉ" ላይ ነው። ግድግዳውን እየለካ እንደሆነ እንጃ!

አንድ ቀን ልጆች አሳፍራ ቁልቁለት ስትወርድ ውስጠኛው ጎማ ፈነዳባት። እግዜር ይመስገን፣ ማንም አልተጎዳም። ከዚያ ወዲያ ግን "በሰው ጫማ አልታመንም" አለችና መለዋወጫ ሱቅ ይዛኝ ሄደች።

ሻጩ የሚያብረቀርቁትን መለኪያዎች ደረደረላት። አንገተ አጭሮቹን ወዲያው መለሰች፤ ውስጠኛው ጎማ ጋ አይደርሱም። የቀሩትን ደጅ በቆመው የሻጩ መኪና፣ በአንዱ ጎማ ላይ ደጋግማ ሞከረች። አንዱ በተለካ ቁጥር ሌላ ቁጥር ያወራል።

"ይሄ እንደ ባሌ ነው፣ በተጠየቀ ቁጥር ቃሉን ይቀይራል" አለች። ሻጩ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

"እህቴ፣ የቲማቲም መረጣ አደረግሽው እኮ! ጎማዬንም አስተነፈስሽው!"

ጆሮ ዳባ ልበስ አለችው። በቃሉ የጸናውን፣ አንገተ ረጅሙን ይዛ ጎረቤት ካለው ጎሚስታ መለኪያ ጋር አስተያየችው። ሁለቱ አንድ ቁጥር ሲናገሩ ገዛችው።

ሰኞ ጠዋት ግቢ ውስጥ ከመነሳቷ በፊት ለካች። የቀኙ ውስጠኛ ጎማ ከግማሽ በታች ነበር።

"ረፍዷል፣ ተነሺ!" አለ አለቃ።

"አየር ካልተሞላ አልነሳም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ሲባል አልሰሙም?"

"ድርጅቱ የራሱ መለኪያ አለው!"

"እሱ ግድግዳውን ይለካ።"

የአየር መሙያው እዚያው ግቢ ውስጥ ነው። ነገሩ ግን እልህ ሆነ፤ አንዴ ድንጋይ ነው ብሏላ! "እንግዲያው ቁልፉን አምጪ፣ ነገም እንዳትመጪ" አላት።

ሮጬ ሄጄ "ተይ እንጂ፣ ልጆች አሉን" ብዬ በጆሮዋ ለመንኳት።

"በየበሩ ቆመው የሚጠብቁኝስ የማን ናቸው?" አለች፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ቁልፉን መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት።

አለቃ ራሱ መሪ ጨበጠና በሩ ድረስ መጥቶ ጥሩምባውን አስጮኸው። "ክፈት!"

እጄ ወደ መወርወሪያው ሄዶ ነበር፤ ልማድ ነዋ። እነዚያን ልጆች ግን አውቃቸዋለሁ፤ በመስኮት "ጋሼ!" እያሉ እጃቸውን የሚያወዛውዙልኝ እነሱ ናቸው። ቆሽቴ አረረ። በአለቃም፣ በራሴም።

"አልከፍትም ጌታዬ" አልኩት።

"አንተም ተባረሃል!"

"እሺ። መጀመሪያ ጎማው ይሞላ፣ ከዚያ ከፍቼልዎት እሄዳለሁ።"

ጥሩምባው አላቋረጠም። ሚስቴ መጥታ አጠገቤ ቆመች፤ እኔም ጀርባዬን በሩ ላይ ለጠፍኩ።