የከሚሪያ ዋሶች

ይህን ጣጣ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ገና ከመነሻው ልናገረውና ይውጣልኝ። ከሚሪያን «የእቁቡን ብር ባንክ አስገቢው» ብዬ የመከርኳት እኔ፣ ታክሲ ነጂው ደረሰ ነኝ።

ከሚሪያ የደሴ ልጅ ናት። አሜሪካ፣ ሆፕኪንስ በምትባል ከተማ ውስጥ ከልጇ ከናዲራ ጋር አፓርታማ ተከራይታ ትኖራለች። ሴንት ሉዊስ ፓርክ ባለ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ግማሽ ቀን ልብስ ታጥባለች፤ ደመወዙ ስለማይበቃት የአካባቢው መንግሥት፣ ካውንቲው፣ የምግብና ትንሽ የገንዘብ ድጎማ ይሰጣታል። እጇ ፈጣን ነው፣ ምላሷ ደግሞ ከእጇ ይብሳል። አንሶላ ስታጥፍ ጠርዙ ከጠርዝ ካልገጠመ ፈትታ እንደገና ታጥፈዋለች። እቁባችንንም የያዘችው እንዲሁ ነው።

አሥራ ስድስት ነን። በየወሩ ሁለት ሁለት መቶ ዶላር እናዋጣለን፤ ወር በገባ በመጀመሪያው እሑድ ዕጣ ይወጣና ሦስት ሺህ ሁለት መቶው ለአንዱ ይደርሳል። ከሚሪያ ሰብሳቢያችን ናት። የራሷን ስም ዕጣ ውስጥ አታስገባም። «ሰብሳቢ ቀድማ ከበላች ሐሜት ነው» ትልና ሁልጊዜ የመጨረሻውን ትወስዳለች። የሚገርመው ከሁላችንም ይልቅ ብሩ የሚያስፈልጋት እሷን ነው። አሮጌ መኪና ልግዛ ማለት ከጀመረች ሁለት ክረምት አልፏል፤ እስከዚያው በጥር ብርድ አውቶቡስ ስትጠብቅ ሽፋሽፍቷ በረዶ ይይዛል።

የሁላችንም የሥራ ሰዓት አይገጥምም። ስለዚህ ብሩን ሳምንቱን ሙሉ በተገናኘንበት እንሰጣታለን፤ እሷም እስከ እሑድ ድረስ የሩዝ ጆንያ ውስጥ ትቀብረዋለች። በ2005 ጎረቤቷ ቤት ሌባ ገባ። ያኔ ነው እኔ ዐዋቂው «አሜሪካ ተቀምጠሽ ሩዝ ውስጥ ብር? አካውንት አለሽ አይደል እንዴ?» ያልኳት። ሰማችኝ። እኔን ሰምቶ ያተረፈ ሰው እስካሁን አላየሁም።

በዓመቱ ድጎማውን ስታሳድስ የባንክ ወረቀት አምጪ አሏት፤ ወስዳ ሰጠች። ምን ትደብቃለች? ከሦስት ሳምንት በኋላ ደብዳቤ መጣ። አሥራ ሦስት ዓመት የሆናት ናዲራ አነበበችላት። በየወሩ ሦስት ሺህ ሁለት መቶ ዶላር ያላስመዘገብሽው ገቢ ተገኝቷል፤ ስለዚህ ያለአግባብ የተከፈለሽን አራት ሺህ ሦስት መቶ ሰማንያ ስድስት ዶላር መልሺ፤ ካልተስማማሽ በሠላሳ ቀን ውስጥ ይግባኝ በይ፣ ይላል።

ከሚሪያ መጀመሪያ ሳቀች። «እስኪ ድገሚልኝ፤ እኔ ነኝ በወር ሦስት ሺህ የማገኘው?»

«ማሚ፣ ኢትስ ኖት ፈኒ» አለች ናዲራ። «ዘይ ቲንክ ዩ ላይድ።»

ሳቋ ያን ጊዜ ጠፋ። ለእኔ ስትደውል ድምፅዋ ሌላ ሆኗል። «ውሸታም አሉኝ እኮ፣ ደረሰ። ወላሂ ዕዳ ከሆነ ቆንጥሬም ቢሆን እከፍላለሁ። ውሸታም ተብዬ ግን አንድ ሳንቲም አልከፍልም!»

ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይህ ነው። ግን ካውንቲው ምን ያድርግ? ብሩ በስሟ ገብቶ በስሟ ወጥቷል። ድሃ በነጻ የሚያማክር የሕግ ቢሮ ሄደን ብንጠይቅ መላው ቀላል ነው ተባልን፤ እቁብተኛው ሁሉ ስሙንና አድራሻውን ጽፎ «ሁለት መቶው የእኔ ነው» ብሎ ይፈርም፣ መዝገቡም ይቅረብ። ከሚሪያ ደብተሯን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ዚፑን ዘጋችው።

«የሰው ስም አልሰጥም» አለች። «ከመንግሥት ጋር የራሱ ጉዳይ ያለው ስንት አለ? አደራ ነው።»

ይህን የሰሙት አዴ ጋዲሴ ናቸው። አዴ ጋዲሴ በዕድሜ ታላቃችን ሲሆኑ በየሰው ቤት እየዞሩ ሕመምተኛ ይንከባከባሉ። «ስማችንን እኛው ራሳችን ከሰጠን አደራውን ማን በላው?» አሉና ወረቀት ይዘው ከቤት ቤት ዞሩ። ከአሥራ አምስታችን አሥራ አራቱን በአንድ ሳምንት አስፈረሙ።

አሥራ አምስተኛው እኔ ነበርኩ።

ለዜግነት ቃለ መጠይቄ ሁለት ወር ቀርቶኝ ነበር። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ እኔ ስድስት ዓመት ሙሉ ከኢሚግሬሽን ፖስታ በመጣ ቁጥር ሳልከፍተው የማሳድር ሰው ነኝ። ስሜ እንዲህ ያለ ፋይል ውስጥ ገብቶ ቢያዩትስ አልኩ። አዴ ጋዲሴ ሲደውሉ ስልኬን አላነሳም። አንድ ቀን ስኔሊንግ አቨኒው ላይ ካለ ምግብ ቤት ምሳ እየበላሁ በመስኮት ሲመጡ አየኋቸውና ጥብሴን ሳልጨርስ በኋላ በር ወጣሁ። የሠላሳ አምስት ዓመት ሰውዬ!

ከሚሪያ ያስገባችው ይግባኝ ሊሰማ ሁለት ቀን ሲቀረው ከማላውቀው ቁጥር ተደወለ። ተሳፋሪ መስሎኝ አነሳሁት። ከሚሪያ ናት፣ ከሥራ ቦታዋ።

«ደህና ነህ፣ ደረሰ? ሥራ እንዴት ነው?»

«ደህና፣ ይመስገን» አልኩና ሰበቤን መደርደር ጀመርኩ። «ይኸውልሽ ከሚርዬ፣ ያ ወረቀት...»

«የዚህ ወር ሁለት መቶህ አልገባም» አለችኝ። «እሑድ ባለዕጣው ይጠብቃል። ሥራ ስሎው ሆኖብህ ከሆነ አብሽር፣ እኔ እሞላልህና ቀስ ብለህ ትሰጠኛለህ።»

ስለ ደብዳቤው አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። አራት ሺህ ዶላር አምጪ የተባለች ሴት የእኔን ሁለት መቶ ልትሞላልኝ! ታክሲዬን ዳር አቁሜ ብቻዬን አፈርኩ። ከዚያ በቀጥታ አዴ ጋዲሴ ጋ ሄጄ ፈረምኩ። ሁለት መቶዬንም ለከሚሪያ አደረስኩ፤ ብሩ በዚያ ሰሞን ወደ ሩዙ ተመልሶ ነበር።

በቀጠሮው ቀን ዘጠኛችን ከሥራ ፈቃድ ወስደን አጀብናት። በሩ ላይ ያለው ጥበቃ «ሁላችሁም ለአንድ ሰው ነው የመጣችሁት?» ብሎ ሁለት ጊዜ ጠየቀን። ይግባኝ ሰሚዋ ሽበታም፣ ረጋ ያለች ሴት ነበረች። አስተርጓሚው በስልክ ነው፤ ድምፁ ጠረጴዛው ላይ ከተቀመጠች ማጉያ ይመጣል።

ከሚሪያ ደብተሯን ዘረጋች። ሴትዮዋ የባንኩን ወረቀት ከጎኑ አድርጋ በእስክርቢቶዋ ጫፍ ወር በወር ተከተለችው። ሦስት ሺህ ሁለት መቶ ይገባል፤ ከእሑዱ በፊት ባለው ቅዳሜ ሦስት ሺህ ሁለት መቶ ይወጣል። አሥራ አራት ወር ሙሉ አንድ ዶላር አልጎደለም፣ አንድ ዶላር አልተረፈም።

«የተጻፈ ውል አላችሁ?» አለች።

«ደብተሩ ላይ ካለችው ደንብ በቀር የለንም» አለች ከሚሪያ።

«ታዲያ አንዱ ቀድሞ ወስዶ ቢጠፋስ?»

አዴ ጋዲሴ ማንም ሳይጠይቃቸው ተነሡ። «የት ይጠፋል? ሠርግ አለ፣ ለቅሶ አለ። ደግሞ ዋስ አለው!»

አስተርጓሚው ዋስ ምን እንደሆነ ለማስረዳት ብዙ ደከመ። ዕጣ የደረሰው ሰው ብሩን ከመውሰዱ በፊት ዋስ ይጠራል፤ የቀረውን ወር ሳይከፍል ቢቀር ዋሱ ይከፍልለታል። ሴትዮዋ እስክርቢቶዋን አስቀምጣ ከሚሪያን አየቻት።

«ያንቺስ ዋስ ማነው?»

ከሚሪያ ደብተሯን ወደ መጨረሻው ገጽ ገለበጠችው። «እኔ ዋስ የለኝም። ሁልጊዜ የምወስደው መጨረሻ ነው። ከፍዬ ጨርሼ ለምወስደው ማን ዋስ ያስፈልገዋል?»

ይህ ሲተረጎምላት ሴትዮዋ የሆነ ነገር ረዘም አድርጋ ጻፈች። ተሰናብተን ስንወጣ ማጉያዋ እንደገና ተናገረች፤ በአማርኛ ነው። «ይቅርታ፣ እህቴ፣ ለሚቀጥለው ዙር አንድ ቦታ ይኖር ይሆን?» ሴትዮዋ ምን እንዳለ ጠየቀች። ማንም አልተረጎመላትም።

ውሳኔው በሦስተኛው ሳምንት መጣ። እኔ ከሚሪያን ከሥራ አድርሼያት እዚያው በር ላይ ነበርኩ። ናዲራ ደረጃውን እየዘለለች ወረደች። «ማሚ! ዩ ዶንት ኦው ኤኒቲንግ!» ምንም ዕዳ የለባትም፤ ብሩ የእቁብተኞቹ እንጂ የእሷ ገቢ አይደለም፤ ለወደፊቱ ግን የሰው ብር ከራሷ አካውንት ጋር እንዳትቀላቅል ይላል። ናዲራ ይህን ስታነብ ከሚሪያ እኔን አየችኝ፤ እኔ ጎማዬን አየሁ።

«ውሸታም አይደለችም የሚል አለበት?» አለች ከሚሪያ።

«ኢት ሴይስ ዩ ዌር ክሬዲብል።»

«ምን ማለት ነው እሱ?»

ናዲራ ቃሉን ፈለገች፣ ፈለገች። «የምትታመን» አለች በአማርኛ።

በመጀመሪያው እሑድ ከሚሪያ ቤት ተሰበሰብን። ናዲራ ዕጣውን ከሳህኑ አነሣችና «ደረሰ!» ብላ ጮኸች። ተጨበጨበልኝ። እውነቱን ለመናገር ብሩን ለታክሲዬ ሞተር አስቤው ነበር። ግን ከተቀመጥኩበት ተነሣሁ።

«ተራዬን ለከሚሪያ ሰጥቻለሁ። የእሷን የመጨረሻዋን እኔ እወስዳለሁ።»

«ሆ! በአላህ ተወኝ!» አለች። «ሰብሳቢ ከመሃል ወሰደች ልታስብለኝ?»

አዴ ጋዲሴ መነጽራቸውን አደረጉና ደብተሩን ወስደው የመጀመሪያውን ገጽ ገለጡ። «ቁጥር አራት። ዕጣ የደረሰው ሰው ተራውን ለፈለገው መስጠት ይችላል። የማን ጽሕፈት ነው ይህ?»

ጽሕፈቱ የከሚሪያ ነው። ጠርዙ ከጠርዝ የገጠመ ጽሕፈት። አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«እሺ። ሕግ ሕግ ነው። ግን ገና ሰባት ወር ይቀራል፤ ዋስ ሳልጠራ ብር አልነካም።» ድምፅዋ ትንሽ ቀጠነ። «ዋሴ ማነው?»

እስክርቢቶውን ከእጇ ወሰድኩ። «ይኼኛው በጓሮ በር ይወጣል ብዬ ነበር» አሉ አዴ ጋዲሴ፤ ለካ ያን ቀን አይተውኛል። ቤቱ በሳቅ ሲፈርስ እኔ ፈረምኩ፣ ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሁሉ ቀድሜ። ከዚያ ደብተሩ ዞረ። ለዋስ የተሰመረችው አንድ መስመር ናት፤ ሲሞላ በኅዳጉ ፈረሙ፣ ኅዳጉ ሲሞላ በጀርባው። ተመልሶ እጇ ሲገባ አሥራ አምስት ስም ነበረበት።

«አንድ ዋስ ይበቃል እኮ፤ ገጹን ሁሉ አበላሻችሁብኝ!» ብላ ተቆጣችን፣ እንባዋ ደብተሩ ላይ እንዳይወርድ ቀና እንዳለች።