ሁለታችሁም አላምጡ

«አንቺ ልጅ፣ ጥፋቱ የፈረሱ አይደለም፤ ጥርስሽን ነክሰሽ ነው የምትጋልቢው» አሉኝ አያቴ አባሓጎ፣ ቁሓ ሜዳ ላይ ፈረሳቸው በጣለኝ ቀን። ከዚያ ወዲህ ኮርቻ ላይ ከመውጣቴ በፊት ለእኔ ቆሎ፣ ለፈረሱ ገብስ ይሰጡን ነበር። «ሁለታችሁም አላምጡ። መንጋጋ ሲላላ ወገብም ይላላል።» ቸኩዬ ስውጠው፣ «ቀስ ጓለይ፣ ቀስ ልጄ! ማን አባረረሽ?» ይሉኛል።

እሳቸው ካረፉ ወዲህ ፈረሱ ሰው አላስጠጋ አለ። አጎቴ ዛሬ ለጋሪ የሚገዛው ሰው ጠራ።

«ከጋለብኩት አትሸጠውም አይደል?» አልኩት።

«እስቲ መጀመሪያ ሳይጥልሽ ከግቢ ውጪ!» ብሎ ሳቀ።

እርካቡን የሚይዙልኝ አባሓጎ የሉም። ገብሱን ለፈረሱ ሰጥቼ ቆሎዬን አላመጥኩ፤ መዋጥ አማረኝ፣ አልዋጥኩም። ፈረሱ አንገቱን ዝቅ ሲያደርግ ኮርቻውን ጭኜ ወጣሁና፣ በአጎቴ አጠገብ ቀስ ብዬ አልፌ የዓይናለምን መንገድ ያዝኩ።