ለአስያ የነገርኳት ወሬ

ባለፈው ሳምንት ሰመራ የእህቴ ልጅ ቤት ሄጄ ትንሿን ልጇን ለሴት ልጆች የተጻፈ ልብ ወለድ አቅፋ አገኘኋት። «መጨረሻው እንዴት ደስ ይላል መሰለሽ!» አለችኝ። እንዲህ ሲሉኝ እጠረጥራለሁ። ተቀብያት የመጨረሻውን ገጽ ገለጥኩ። ሰርግ ነው።

በእሷ ዕድሜ እኔም አንድ ነበረኝ፤ ሎጊያ፣ አክስቴ ዘሐራ ሻይ ቤት፣ አንድ የጅቡቲ መንገድ ሾፌር ረስቶት የሄደ ሽፋኑ የወለቀ መጽሐፍ። ትምህርት ቤት ገና አልገባሁም ነበር። ፊደል ያስቆጠሩኝ ጎማ እስኪጠገን የሚጠብቁ ረዳቶች ናቸው። መጽሐፉ ውስጥ ያለችው የበረዶ አገር ልጅ፣ ጠና ያለ ሀብታም ሲጠይቃት «አላገባም፣ እማራለሁ» ትላለች። እኔን ደግሞ አክስቴ ለዱብቲ ነጋዴ አጭታኛለች፤ ኒካሁ ከረመዳን በኋላ ነው።

አንድ ጠዋት የፍየል ወተት የምታመጣልን አፋሯ አስያ ጄሪካኗን አስቀምጣ ጥላ ስር ተቀመጠችና ዳጉ ጀመረች። አፋር ሲገናኝ ያየውን የሰማውን ሳይቀንስ ሳይጨምር ይነጋገራል፤ የዋሸ ከዚያ ወዲያ አይታመንም። የአዳይቱን ዝናብ፣ የጠፋችውን ግመል ነገረችኝና «አንቺ ዘንድስ ምን አለ?» አለች። የራሴን መናገር አፈርኩ። የመጽሐፏን ልጅ ወሬ ነገርኳት።

«አይተሽ ነው ሰምተሽ?»

«አንብቤ።»

አሰበችበት። «በዓይንሽ ነው?»

«በዓይኔ።»

«እንግዲያ አይተሻል። ፍየሎቹ በዚያ በረዶ ምን ይበላሉ?»

አላውቅም አልኳት። በጥርጣሬ አየችኝ።

ሳምንት ሳይሞላ ወሬው ዱብቲ ገባ፦ ዘሐራ ቤት ያለችው ልጅ አላገባም፣ እማራለሁ ብላለች። የነጋዴው ሽማግሌዎች በዚያው ቀሩ።

«ወላሂ፣ ከጀርባሽ ወንድ አለ!» አክስቴ ፍራሼን ገለበጠች። መጽሐፉን አገኘችና የወንድ ፎቶ ይወድቅ እንደሆነ አራገፈችው። አሸዋ ብቻ ረገፈ። «ለካ ወንድየው ይሄ ኖሯል!» አለች። ቀጥላም፣ «በይ ተማሪ እንግዲህ፤ አሁን ማን ያገባሻል!»

እንዲህ ሆኖ ነው ከሕፃናት ጋር፣ ጉልበቴ ከዴስኩ እየተጋጨ፣ አንደኛ ክፍል የተቀመጥኩት።

በኋላ አስያን «የነገርኩሽ እኮ ስለ ሌላ ልጅ ነበር» ብላት፣ ወተቱን ከመቅዳት ቀና ሳትል «እኔ አልቀነስኩም፣ አልጨመርኩም» አለችኝ። ወሬው መንገድ ላይ ተለወጠ ወይስ እሷ ያን ቀን ዓይኔ ውስጥ ሌላ ነገር አይታ ነበር? እስከ ዛሬ እጠረጥራታለሁ።

ይህን ስነግራት ትንሿ ልጅ መጽሐፏን ከእጄ ነጠቀችኝ። «ያንቺስ መጽሐፍ መጨረሻው እንዴት ነበር?»

«እሷም አገባች» አልኳት፤ «ያውም ያንኑ ሀብታም።»

አስያ ስትጠይቀኝ እዚያ ገጽ ላይ ገና አልደረስኩም ነበር። ደርሼ ቢሆን ኖሮ እሱንም ሳልቀንስ እነግራት ነበር።